የዩኒቨርሲቲ ክፍት ሪፖዚተሪ አቋቋም፦ ለድሬዳዋና ለሐረር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና መምህራን

ክፍት ሪፖዚተሪ የዩኒቨርሲቲው ቴሲስና ምርምር ለማንም በነፃ የሚነበብበት የኢንተርኔት ማከማቻ ነው። ሶፍትዌሩን መጫን ብቻ ከሆነ አንድ ጎበዝ የአይሲቲ ባለሙያ በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። ብዙ ሪፖዚተሪ ግን ተጭኖ፣ ተመርቆ፣ ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ይቀመጣል። ምክንያቱ ከመምህሩ ላፕቶፕ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ያለው መንገድ አለመጠረጉ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሰዎቹ ይጀምራል፤ ሰርቨሩ ኋላ ይመጣል። የተጻፈው ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢና ሐረር ላለው የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ዓይነት ተቋማት ነው። ባለ ብዙ ቋንቋ፣ ቆየት ያለ የወረቀት ቴሲስ የተከማቸበትና መብራት የሚቆራረጥበት ግቢ ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል።

ደረጃ 1፦ ሴኔቱ ያጸደቀው አንድ ገጽ

የሚያስገድድ አገራዊ መሠረት አለ። በወቅቱ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የነበረው መሥሪያ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ውጤት ናድሬ ተብሎ በሚጠራው ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ክምችትና በዩኒቨርሲቲው በራሱ ሪፖዚተሪ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ይህን ይዛችሁ ወደ ሴኔት ስትቀርቡ 20 ገጽ ረቂቅ አታቅርቡ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። አራት ነገር ይኑርበት፦ ምን ይገባል፣ ማን ያስረክባል፣ መቼ ያስረክባል፣ ካላስረከበ ምን ይቀርበታል።

«ይበረታታል» የሚል ቃል ካያችሁ ሰርዙት። የሚበረታታ ነገር ማንም አይሠራውም፤ «ያስረክባል» ይባል። አራተኛው ነጥብ ላይ የቤልጅየሙ ሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ አሠራር ጥሩ አርአያ ነው፤ እዚያ ለመምህር ምዘናና ዕድገት የሚቆጠረው ሪፖዚተሪው ውስጥ የገባ ሥራ ብቻ ነው። መምህራኑ አልተቀጡም፣ አልተለመኑም፤ የዕድገት ፋይላቸው የሚዘጋጀው ከሪፖዚተሪው በሚወጣ ዝርዝር ሆነ፣ በቃ። እኛም ጋ የደረጃ ዕድገት የሚጠይቅ መምህር የጽሑፎቹን ፎቶ ኮፒ በፋይል አስሮ ማቅረቡ የተለመደ ነው። በዚያ ፋይል ፋንታ የሪፖዚተሪው ሊንክ እንዲቀርብ ማድረግ አዲስ ሥራ አይጨምርበትም።

ኮሚቴው ከሰባት ሰው አይብለጥ። የዲጂታል ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ከድኅረ ምረቃ፣ ከምርምርና ከአይሲቲ ዳይሬክቶሬት አንድ አንድ ሰው፣ ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ይግቡበት። መምህራኑን ስትመርጡ ሥልጣን ሳይሆን የጽሑፍ ብዛት እዩ። ብዙ ያሳተመ መምህር ሥራዎቹ ሲገቡ ሌሎቹ ያዩታል።

ደረጃ 2፦ ሥራው በግድ የሚያልፍበትን በር ያዙ

በየዩኒቨርሲቲው ሦስት እንዲህ ያሉ በሮች አሉ፦ የተማሪው ክሊራንስ፣ የምርምር ገንዘብ የመጨረሻ ክፍያ፣ የመምህሩ ዕድገት። ሪፖዚተሪው ከእነዚህ በአንዱም ካልታሰረ በልመና ይኖራል።

በክሊራንስ ጀምሩ፤ ከሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ተማሪው ዲፌንስ ያደርጋል፤ የፈታኞቹን አስተያየት ያርማል፤ አማካሪው መታረሙን በፊርማው ያረጋግጣል፤ ተማሪው የታረመውን ፒዲኤፍና የተፈረመ የማስረከቢያ ቅጽ ለቤተ መጻሕፍቱ ያቀርባል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ፋይሉን ከፍቶ አይቶ የቁጥር ደረሰኝ ይሰጣል፤ ሬጅስትራሩ ደረሰኙን ካላየ ክሊራንሱን አይዘጋም። አማካሪው የሚፈርመው ፋይሉን ራሱ ካየ በኋላ መሆን አለበት። እዚህ ላይ መላላት ከመጣ ከዲፌንስ በፊት የነበረው ረቂቅ ይገባና ፈታኝ የጣለው ሠንጠረዥ ለዓለም ይታያል።

ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ፍተሻ አለው። መጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ አሳልፉ። ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ክፈቱ፤ አባሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት በመጨረሻ ነው። ቀጥሎ ከመሐል አንድ ቃል መርጣችሁ ፈልጉ፤ ካልተገኘ ፒዲኤፉ ጽሑፍ ሳይሆን ፎቶ ነው ማለት ነው። የወርድ ፋይል ብቻ ይዞ የመጣን ተማሪ መልሱት፤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ገጹ ይዘበራረቃል። በሲዲ አትቀበሉ፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ማንበቢያ የላቸውም፣ ሲዲውም በሙቀትና በአቧራ ይበላሻል።

የክረምት መርሐ ግብር ተማሪዎች ሲሄዱ ሥራው በአንድ ሳምንት ይፈስሳል። በዚያ ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰው አስቀምጡ፤ አንዱ ይረከባል፣ ሌላው ይፈትሻል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሲሠራ የሚቀረው ፍተሻው ነው።

መምህራንን በተመለከተ አንድ ነገር ቶሎ ተቀበሉ፦ መምህር አካውንት ከፍቶ፣ የይለፍ ቃል አስታውሶ፣ 12 ሣጥን ቅጽ ሞልቶ ሥራውን አያስገባም። አይፈረድበትም። እሱ ፋይሉን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይላክ፣ ቅጹን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይሙላለት። በቴሌግራም ሲላክ በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ እንዲሆን ንገሩ። መጠየቂያውም ቁርጥ ያለ ይሁን፦ «ዶክተር፣ ጆርናሉ ጽሑፍዎን መቀበሉን ከማሳወቁ በፊት በመጨረሻ የላኩለትን የወርድ ፋይል ይላኩልን።» እንዲሁ «ጽሑፍዎን ይላኩልን» ከተባለ የሚመጣው ከአሳታሚው ድረ ገጽ የወረደው ፒዲኤፍ ነው፤ በአብዛኛው ደግሞ መለጠፍ የማይፈቀደው እሱ ነው።

ወደ ዲፓርትመንት ስብሰባ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ከስብሰባው በፊት የዚያን ዲፓርትመንት መምህራን ጽሑፎች በጉግል ስኮላር ፈልጉና በአንድ ገጽ ዝርዝር አትሙ፤ የትኛው በነፃ እንደሚገኝ፣ የትኛው ከክፍያ በስተጀርባ እንደተቆለፈ በፊት ለፊቱ ጻፉ። መምህሩ የራሱን ጽሑፍ የራሱ ተማሪ በነፃ ማግኘት እንደማይችል ሲያይ የምታስረዱት ነገር ያጥራል። ድሬዳዋ ላይ ይህን ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ያዙት፤ ከምሳ በኋላ በዚያ ሙቀት የሚሰማ ጆሮ ማግኘት ይከብዳል። 30 ደቂቃ ይበቃል።

ከየዲፓርትመንቱ አንድ ተጠሪ መምህር ይኑር። ሥራው ሁለት ነው፦ አዲስ ጽሑፍ ሲታተም ለቤተ መጻሕፍቱ መጠቆምና የርዕሰ ጉዳይ ቃላቱን ማረም። ስለ ማሽላ ዝርያ ወይም ስለ ወባ መድኃኒት የተጻፈን ሥራ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ብቻውን በትክክል አይመድበውም። ተጠሪው ለዚህ በሳምንት አንድ ሰዓት ይሰጥ፤ ሰዓቱም በማኅበረሰብ አገልግሎት ወይም በኮሚቴ ሥራ ይቆጠርለት። ካልተቆጠረለት በሁለተኛው ሴሚስተር ይጠፋል።

ደረጃ 3፦ መብትና ምስጢር

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቀዋል። ስለዚህ «ቴሲሱ እኛ መደርደሪያ ላይ ነው» ማለት «በኢንተርኔት እንለጥፈዋለን» ማለት አይደለም፤ የተጻፈ ፈቃድ ያስፈልጋል። የማስረከቢያ ቅጹ ባለመብቱ መብቱን እንደያዘ ለዩኒቨርሲቲው የማስቀመጥ፣ የማሳየትና ለጥበቃ ሲባል ቅርጹን የመለወጥ ፈቃድ ብቻ እንደሚሰጥ ይናገር። ተማሪው ሥራውን በኋላ በመጽሐፍ ወይም በጆርናል ቢያወጣ የሚከለክለው እንደሌለም ይጻፍበት፤ የብዙዎች ፍርሃት እዚያ ላይ ነው። ሪፖዚተሪው የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ዲስፔስ፣ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው የፈቃድ ጽሑፍ ናሙና ነው፤ የራሳችሁን ተኩ እያለ ራሱ ይናገራል። ሳይተካ የቀረበት ሪፖዚተሪ በሕግ ፊት ባዶ እጁን ነው።

ለታተሙ ጽሑፎች የአሳታሚውን ደንብ ጂስክ በሚያስተዳድረው፣ ቀድሞ ሼርፓ ሮሜዮ ይባል በነበረው የፖሊሲ መፈለጊያ ላይ በጆርናሉ ስም ፈልጉ። ሦስት ቅጂዎችን ለዩ፦ ለግምገማ የተላከው፣ ታርሞ ተቀባይነት ያገኘው፣ አሳታሚው አቀናብሮ ያወጣው። በክፍያ የሚነበቡ ጆርናሎች በአብዛኛው የሚፈቅዱት መካከለኛውን ነው፤ ያም 12 ወይም 24 ወር ከቆየ በኋላ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እንደሚያሳትማቸው ያሉ ክፍት ጆርናሎች ላይ የወጣ ጽሑፍ ግን የታተመው ቅጂ ራሱ ይገባል፤ ከእነዚህ መጀመር ቀላል ነው።

ቅጹ ላይ የማቆያ ጊዜ፣ ማለትም ሙሉ ጽሑፉ ለሕዝብ ታግዶ የሚቆይበት ጊዜ፣ ሲጻፍ የማብቂያ ቀኑ ባዶ አይተው። ቀን የሌለው እግድ ማንም የማያስታውሰው የዘላለም እግድ ይሆናል። በእግድ ላይ ያለ ሥራም ቢሆን ርዕሱና አጠቃሎው (አብስትራክቱ) ከመጀመሪያው ቀን ይታይ። ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ ዲስፔስ ከፒዲኤፉ ውስጥ ለፍለጋ የሚሆን የጽሑፍ ቅጂ አውጥቶ ለብቻው ያስቀምጣል። ክፍት የነበረን ፋይል በኋላ ስትዘጉ ያ ቅጂ አብሮ መዘጋቱን ለይታችሁ እዩ።

ወደ ግለሰቦች ምስጢር ስንመጣ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። የፈታኞች ፊርማ ያለበትን ገጽ ከሕዝብ ቅጂው አውጡና በዝግ ፋይል አስቀምጡ፤ ከኢንተርኔት የተቆረጠ ፊርማ ሌላ ወረቀት ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የስልክ ቁጥርም ይውጣ። ሐረር ላይ በሕይወት ፋና ሆስፒታል እንደሚሠራው ዓይነት የሕክምና ጥናት ሲሆን ደግሞ ስም መሰረዝ አይበቃም። ዕድሜ፣ ቀበሌና ብርቅ የሆነ በሽታ አንድ ላይ ከተጻፉ ጎረቤት ሰውየውን ያውቀዋል። ይህን ማየት ያለበት የመስኩ መምህር ነው። የድሮ የእጅ ጽሑፎችን ፎቶ የያዙ የሐረር ጥናቶችም የቅርሱ ባለቤት ለጥናት ብቻ ፈቅዶ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ለጥናት መፍቀድ ለኢንተርኔት መፍቀድ አይደለም።

ቅሬታ ሲመጣ ሥራውን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ከእይታ አውርዱና ከዚያ መርምሩ። አትሰርዙት፤ ሶፍትዌሩ «ማንሳት» የሚል አማራጭ አለው፣ ሊንኩም ሥራው መነሳቱን እየተናገረ ይቆያል።

ደረጃ 4፦ አደረጃጀትና ምዝገባ

ሪፖዚተሪውን በዲፓርትመንት ስም አትክፈሉት። ዲፓርትመንት ይዋሃዳል፣ ይከፈላል፣ ስሙን ይቀይራል። ላይኛው እርከን ኮሌጅ ወይም ኢንስቲትዩት፣ ከሥሩ የሥራው ዓይነት ይሁን፦ የማስተርስ ቴሲስ፣ የፒኤችዲ ዲሰርቴሽን፣ የጆርናል ጽሑፍ፣ የምርምር ሪፖርት፣ ዳታ። የዲፓርትመንቱ ስም በምዝገባው ውስጥ እንደ አንድ መስክ ይግባ።

ሪፖዚተሪው ሥራዎችን የሚመዘግብበት ደብሊን ኮር የሚባለው መስፈርት 15 መሠረታዊ መስኮች አሉት፤ ሁሉንም አስገዳጅ ካደረጋችሁ ሰው መሙላት ያቆማል። አስገዳጆቹ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዓመት፣ ዓይነት፣ ቋንቋ፣ አጠቃሎና የመብት መግለጫ ይሁኑ። ለቴሲስ አማካሪና ዲፓርትመንት ጨምሩ። አንዱን ሥራ መዝግቦ ለመጨረስ 15 እስከ 20 ደቂቃ መድቡ፤ በዚህ ስሌት አንድ ሰው በቀን ከ20 በላይ እንዲሠራ አይጠበቅ። የምዝገባ ሕጎቻችሁን በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉ። የሚያስቸግሩት የሚከተሉት ናቸው።

*ዓመተ ምሕረት።* የሚታተምበት ዓመት መስክ የሚቀበለው የአውሮፓውያኑን ነው። የድሬዳዋው የደቻቱ ጎርፍ በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደረሰ ሲሆን በአውሮፓውያኑ ኦገስት 2006 ነው። 1998 ብሎ ያስገባ ሰው ጎርፉን የሚያጠናውን ሥራ ከጎርፉ ስምንት ዓመት አስቀድሞ አስቀመጠው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ደምሩ። በሽፋኑ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ዓመት ሳታጠፉ በማስታወሻ መስክ «2012 ዓ.ም.» ብላችሁ ጻፉት፤ ተመራቂው ሥራውን የሚፈልገው በዚያ ነው። ሽፋኑ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተናገረ የዲፌንሱን ቀን ከድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ እንጂ አትገምቱ።

*ስም።* የካርድ ካታሎጋችን ኢትዮጵያዊ ደራሲን በራሱ ስም ይጀምራል፣ ትክክልም ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። የሪፖዚተሪው ቅጽ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ይዞ ይመጣል፣ ከውጭ የሚሰበስቡት ማሽኖችም የሚያነቡት ያንኑ ነው። እዚያ ሣጥን የአባት ስም ይግባ፤ ጆርናሎቹም እንዲሁ ስለሚያደርጉ የአንድ ሰው ሥራ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ቴሲስ ላይ ሦስት ስም የጻፈ ሰው ጽሑፍ ላይ ሁለት ስም ከጻፈ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ሁልጊዜ ሁለት ስም ውሰዱ፣ የአያት ስም በሌላ መስክ ይቀመጥ። ሙሉ ስሙ በግእዝ ፊደልም ይመዝገብ። በኛ አካባቢ ይህ በተለይ ያስፈልጋል፦ መሐመድ የሚለውን ስም ብቻ በላቲን ፊደል በአራትና በአምስት ዓይነት ሲጻፍ ታገኙታላችሁ። መድኃኒቱ ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ነው። ነፃ ነው፣ ለመክፈት አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ በዲፓርትመንት ስብሰባው ላይ ሁሉም እዚያው በስልካቸው ይክፈቱ።

*ቋንቋ።* የመለያ ኮዱ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለሶማልኛ ሁለት ፊደል ነው። ሐረሪ ግን ባለ ሁለት ፊደል ኮድ የለውም፣ ባለ ሦስት ፊደሉን ኮድ በዝርዝሩ ላይ ራሳችሁ ጨምሩ። ካልጨመራችሁ መዝጋቢው የሚቀርበውን ይመርጥና የሐረሪ ጥናት በአማርኛ ስም ይቀመጣል።

*የቦታ ስም።* ድሬዳዋ አንድ ላይም ተነጣጥሎም ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አጻጻፉ የተለያየ ነው። በቦታ መስኩ ሁሉንም አስገቡ። የጀጎል፣ የለገሀርና የቀበሌ ስሞችም እንዲሁ።

*ሞክሼ ፊደላት።* ሐረር ብሎ የፈለገ ሰው ሀረር ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም፣ ምክንያቱም ሶልር የሚባለው የፍለጋ ሞተር ሀ፣ ሐ እና ኀን ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ያያቸዋል። ምዝገባውን ሰው ሁሉ በአንድ ፊደል እንዲጽፍ ማስገደድ አይሠራም፣ ደግሞም የደራሲውን አጻጻፍ መለወጥ አይገባም። የሚሻለው በሶልር ላይ የፊደል ማመሳከሪያ ማጣሪያ መጨመር ነው። ማጣሪያው አንዱን ሞክሼ ፊደል ወደ ሌላው የሚመሩ መስመሮች ዝርዝር ነው። የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ቤተሰቦች ሰባት ሰባት መስመር ይሆናሉ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ሲጨመሩ በጠቅላላው 37 መስመር ነው። ማጣሪያው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍ ሓ እና ኃ ወደ ሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓም በቀጥታ ወደ አ ይመሩ። ከዚያ መረጃ ጠቋሚውን እንደ አዲስ ማስገንባት ግዴታ ነው፤ ካልተገነባ የቀድሞዎቹ ሥራዎች እንደነበሩ ይቀራሉ። የግማሽ ቀን ሥራ ናት፤ በአማርኛ የሚፈልግ ተማሪ ግን በየቀኑ ይጠቀምባታል።

ደረጃ 5፦ የወረቀት ቴሲሶች

የሐረማያ የግብርና ትምህርት ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዘለቀ ነው፤ እንዲህ ባለ ግቢ መደርደሪያው ላይ ያለው ከሰርቨሩ ይበልጣል። ሁሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በተራ አትጀምሩ። መጀመሪያ ባለፉት ሁለት ዓመታት በውሰት መዝገብ ላይ ደጋግመው የወጡትን፣ ቀጥሎ አንድ ቅጂ ብቻ የቀረላቸውን፣ ከዚያ ሌላውን።

ስካኑ 300 ነጥብ በኢንች ይሁን፤ ለደበዘዘ የታይፕ ጽሑፍ 400። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ነጥብ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል። ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ገጽ በጥቁርና ነጭ፣ ፎቶ ወይም ካርታ ያለበትን ብቻ በግራጫ ወይም በቀለም አንሱ። ሁሉም በቀለም ከተነሣ 120 ገጽ ቴሲስ ከ60 ሜጋባይት ያልፋል፤ በስልክ ዳታ የሚያወርደው ተማሪ ይተወዋል። ጥራዙን መቁረጥ ከተፈቀደና ሁለተኛ ቅጂ ካለ ወረቀት ራሱ የሚስብ ስካነር በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ካልተፈቀደ በጠፍጣፋ ስካነር ለአንድ ቴሲስ ግማሽ ሰዓት ያህል መድቡ። መስታወቱን በየ20 ገጹ ጥረጉ፤ የድሬ አቧራ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይተዋል።

ስካን የተደረገው ፎቶ ስለሆነ ወደ ጽሑፍ መለወጥ አለበት። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ፋይል አለው፤ እንግሊዝኛና አማርኛ ለተቀላቀሉበት ሥራ ሁለቱን ቋንቋዎች አንድ ላይ ምረጡ። ውጤቱ ፍጹም አይደለም። ለፍለጋ ይበቃል፣ ለጥቅስ ግን ፎቶው ይታይ። የመጨረሻው ፋይል ለረጅም ጊዜ ጥበቃ በተዘጋጀው የፒዲኤፍ ዓይነት (ፒዲኤፍ/ኤ) ይቀመጥ።

አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ። በኮምፒውተር የተጻፉ የቆዩ የአማርኛ ቴሲሶች በፓወር ግእዝ ወይም በቪዥዋል ግእዝ የድሮ ፎንቶች የተሠሩ ይሆናሉ። ዓይን አማርኛ ያያል፣ ኮምፒውተሩ ግን በሥሩ የላቲን ምልክቶች ነው የሚያየው። ለማወቅ አንድ መስመር ቅዱና ኖትፓድ ላይ ለጥፉ፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከወጣ ፋይሉን እንደ ፎቶ ቆጥራችሁ በቴሰራክት አሳልፉት። ይህ ካልተደረገ ሥራው ሪፖዚተሪ ውስጥ እያለ ማንም አያገኘውም።

ደራሲያቸው ያልተገኘ የቆዩ ሥራዎች ርዕስና አጠቃሎ ለሁሉ ይከፈት፣ ሙሉ ጽሑፉ በግቢ ኔትወርክ ብቻ ይነበብ። ደራሲው ራሱን ቢያሳውቅ በአንድ ቀን የሚከፈትበትን አድራሻ ገጹ ላይ አስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ ሰርቨሩ

ዲስፔስ ምረጡ፤ ነፃ ነው፣ በአገራችን ቤተ መጻሕፍት የሚያውቀው ሰው ይገኛል። ከሰባተኛው ትውልድ በታች ያለውን አዲስ አትጫኑ። 4 ኮር፣ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ እርስ በርስ የሚተካኩ ሁለት የ500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ዲስኮች ለመካከለኛ ዩኒቨርሲቲ ይበቃሉ። 3000 ቴሲስ አንዱ 5 ሜጋባይት ቢሆን 15 ጊጋባይት ነው፤ ቦታ አያልቅባችሁም። ሜሞሪ ግን ያልቃል፦ የፊት ገጹ ሲገነባ ብቻውን 4 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል፣ በአነስተኛ ማሽን ላይ መሐል ላይ ይቆማል።

ብዙዎችን የሚያጨናንቀው ስህተት ይህ ነው፦ በግቢ ውስጥ ሁሉ ነገር ይሠራል፣ ከውጭ ሲከፈት «አገልግሎቱ የለም» ይላል። የፊት ገጹ የሚሠራው በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ ሲሆን መረጃውን የሚጠይቀው በቅንብሩ ላይ በተጻፈው አድራሻ ነው። እዚያ «ሎካልሆስት» ወይም የግቢው የውስጥ አይፒ ከተጻፈ የውጭ ሰው አይደርስበትም። ሕዝባዊውን የዶሜይን ስም በሁለቱም ክፍሎች፣ በፊት ገጹና ከኋላ ሆኖ መረጃውን በሚሰጠው ክፍል፣ ቅንብር ላይ ፊደል ሳታዛንፉ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ። ሙከራውን በግቢው ዋይፋይ ሳይሆን በስልካችሁ ዳታ አድርጉ። የድረ ገጹን ግንኙነት የሚጠብቀው ነፃው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት በ90 ቀን ያበቃል፤ በራሱ መታደሱን ከመጀመሪያው አረጋግጡ።

ለእያንዳንዱ ሥራ ቋሚ ሊንክ የሚሰጠው ሃንድል የሚባለው ዓለም አቀፍ የቁጥር ምዝገባ ነው፤ መመዝገቢያው 50 ዶላር፣ በየዓመቱም 50 ዶላር። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም በውጭ ምንዛሬ ስለሚከፈል ጥያቄውን ለፋይናንስ ከመክፈቻው ሦስት ወር በፊት አስገቡ። ሳይመዘገቡ መጀመር ትልቁ ስህተት ነው። ሶፍትዌሩ 123456789 የሚል የሙከራ ቁጥር ይሰጥና ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስላል፤ ከዓመት በኋላ ትክክለኛው ቁጥር ሲመጣ ግን ሰዎች በጥቅስ የጻፏቸው ሊንኮች ይበጠሳሉ።

ደረጃ 7፦ መብራት፣ ሙቀትና መጠባበቂያ

ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ የሰርቨሩ ክፍል ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። አየር ማቀዝቀዣው ከሰርቨሩ ጋር በጀነሬተሩ መስመር ላይ ይሁን፤ ሰርቨሩ ብቻ ከተያያዘ መብራት በጠፋ ቁጥር ክፍሉ ይግላል። ሐረማያና ሐረር ላይ ሙቀቱ ያን ያህል አያስጨንቅም፣ መቆራረጡ ግን አይቀርም። ዩፒኤሱ 20 ደቂቃ ከያዘ በቂ ነው፤ ዋናው ጀነሬተሩ ካልተነሣ ሰርቨሩ በራሱ በሥርዓት እንዲጠፋ ከዩፒኤሱ ጋር በኬብል መገናኘቱ ነው።

በየሌሊቱ ሦስት ነገር ይቀዳ፦ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ፣ የፋይሎቹ ማከማቻና የቅንብር ፋይሎቹ። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የንባብና የማውረድ ቁጥሮች ዳታቤዙ ውስጥ ሳይሆን ሶልር ውስጥ ናቸው። የፍለጋ መረጃ ጠቋሚው ቢበላሽ እንደገና ይገነባል፣ ስታቲስቲክሱ ግን ከጠፋ ጠፋ። በየሳምንቱ ለይታችሁ አውጡት።

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ። ለውጭው ቅጂ ድሬዳዋና ሐረማያ እርስ በርስ መያያዝ ይችላሉ፦ የአንዱ ቅጂ ተመስጥሮ በሌላው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ እሳት ወይም አንድ ጎርፍ ሁለቱንም እንዳይነካ ይበቃል። በየስድስት ወሩ ከቅጂው ላይ ሪፖዚተሪውን በሌላ ማሽን አስነሡ፤ ተሞክሮ ያልተነሣ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ደረጃ 8፦ እንዲገኝ ማድረግና ወርኃዊ ሥራ

50 ሥራ ሲገባ ኦፕን ዶር በሚባለው የሪፖዚተሪዎች ዓለም አቀፍ ማውጫ ላይ አስመዝግቡ፤ ከዚያ ሌሎች ማሽኖች የሥራዎቹን ዝርዝር የሚሰበስቡበትን የኦኤአይ አድራሻ ቤዝና ኮር ለሚባሉት የምርምር መፈለጊያዎችና ለናድሬ ስጡ። ከመስጠታችሁ በፊት አድራሻው ሲከፈት በእርግጥ ሥራዎቹ መውጣታቸውን እዩ፤ አዲስ የገባ ሥራ እዚያ እንዲታይ በየሌሊቱ የሚሠራ ተግባር ያስፈልጋል፣ ሳይቀናበር ሲቀር ዝርዝሩ ባዶ ነው። ጉግል ስኮላር ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይወስድም፤ ስካኑን ማሳነስ አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ዓርማ ያለበት ተጨማሪ ሽፋን ፊት ለፊት አትለጥፉ፤ ማሽኑ ርዕሱን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይፈልጋል።

በየወሩ መጀመሪያ ሳምንት አንድ ሰው ግማሽ ቀን ይኑረው። እግዳቸው ያበቃ ሥራዎች መከፈታቸውን ያያል፤ የፋይል ትክክለኛነት መፈተሻውን ውጤት ያነባል፤ በስም አጻጻፍ ልዩነት ሁለት ሰው ሆኖ የተመዘገበን ደራሲ ያዋህዳል፤ ከሬጅስትራር የወሩን ተመራቂዎች ስም ወስዶ ከደረሰኝ መዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ከዚያ ለእያንዳንዱ መምህር ሥራዎቹ በወሩ ስንት ጊዜ እንደወረዱና ከየት አገር እንደተነበቡ በአጭር ኢሜይል ይልክለታል፤ ከኢሜይሉ ግርጌም ገና ያልገቡ ጽሑፎቹን ርዕስ ይዘረዝርለታል።